ማቆም የምታውቅ ማስነሻ

ዴቢያን ሊኑክስ ላይ ኤንጂንኤክስ የተባለውን ዌብ ሰርቨር የሚጭን ሰው፣ ልብ አይላትም እንጂ፣ አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አብራ ትመጣለታለች። ማሽኑ ሲበራ ዌብሳይቱ የሰው እጅ ሳይነካው በራሱ እንዲነሳ የምታደርገው እሷ ናት። ባለሙያዎች ዩኒት ፋይል ይሏታል። ከራስጌዋ ያለውን ማብራሪያ ትተን ትእዛዞቿን ብቻ ብንቆጥር ደርዘን ያህል መስመር ቢሆኑ ነው። አብዛኞቻችን ከዚህ ሁሉ የምናውቀው «ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል» የሚለውን አንድ ትእዛዝ ነው፤ ጽፈን ኢንተር እንጫንና ወደ ቀጣዩ ሥራ እናልፋለን። ፋይሏ ግን ተከፍታ፣ ረጋ ተብሎ፣ መስመር በመስመር ልትነበብ ይገባታል። የተጻፈችው ለማስነሳት ይሁን እንጂ ጸሐፊዎቿ ይበልጥ የተጠበቡት ሰርቨሩ በሚቆምበት ሰዓት ስለሚሆነው ነገር ነው። የእጅ ሙያቸውም ጎልቶ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

እኔ እዚህ የማነባት ከዴቢያን 11 ጋር የመጣችውን ነው። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ መስመር ቢኖርም አጥንቷ ያው ነው።

ሙያውን ለመመዘን የቀድሞውን ማወቅ ይጠቅማል። ሲስተም ፋይቭ በተባለው የማስነሻ ሥርዓት ዘመን እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ የሼል ስክሪፕት ነበረው፤ ከመቶ መስመር የሚያልፈው ብዙ ነው። ፕሮግራሙን ማስነሳት፣ በሕይወት መኖሩን ማጣራት፣ የፕሮሰሱን ቁጥር ፈልጎ ማቆም፣ እንደገና ማስነሳት፣ ለአስተዳዳሪው መልእክት ማሳየት፣ ሁሉም የስክሪፕቱ ዕዳ ነበር። የመነሻው ተራ የሚያዘው በፋይል ስም ነው፦ ኤስ በሚለው ፊደልና በሁለት አሃዝ የሚጀምር ሊንክ ይፈጠራል፤ ቁጥሩ ያነሰው ቀድሞ ይነሳል። በኬ የሚጀምረው ደግሞ የሚቆመውን ያመለክታል። አዲስ ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሌላውን ገልብጦ ስሙን ስለሚቀይር፣ የአንዱ ጉድለት ለሌላው ይተርፍ ነበር።

ሌናርት ፖተሪንግና ካይ ሲቨርስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ሲስተምዲ የተባለውን አዲስ የማስነሻ ሥርዓት ይዘው መጡ። ፌዶራ በ2011፣ በ15ኛ ዕትሙ ተቀበለው። ዴቢያን ውስጥ ግን ነገሩ ከባድ ክርክር አስነሳ፤ የቴክኒክ ኮሚቴው በፌብሩዋሪ 2014 ወሰነና በ2015 የወጣው ዴቢያን 8 ሲስተምዲን ይዞ ወጣ። ሲስተምዲ ብዙ ሥራ በአንድ ጣራ ስር ሰብስቧል የሚለው የተቃዋሚዎቹ ወቀሳ ዛሬም አልበረደም፤ ፍሬ የለውም ብዬም አልከራከርም። ስለ ዩኒት ፋይል ከሆነ ግን ፍርዴ የማያወላውል ነው። ጸሐፊው የሚፈልገውን ይናገራል፤ አፈጻጸሙ የሲስተምዲ ነው። መቶ መስመር የነበረው ወደ ደርዘን የወረደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተረፈችው እያንዳንዷ መስመርም ለምን እንደተጻፈች ልትጠየቅ ትችላለች።

ከግርጌ እንጀምር። የመጨረሻዋ መስመር «ዋንትድ ባይ፣ መልቲ ዩዘር ታርጌት» ትላለች። መልቲ ዩዘር የሚባለው አንድ ሰርቨር ተነስቶ ሲያበቃ የሚቆይበት የተለመደው ደረጃ ነው። ኢኔብል ስንል የሚፈጸመው ነገር እንዲህ ነው፦ ኢቲሲ ስር፣ በዚያ ታርጌት ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ፣ ወደ ዩኒት ፋይሏ የሚያመለክት ሲምሊንክ ይፈጠራል። በቃ። ዲሴብል ስንል ሊንኩ ይሰረዛል። የተደበቀ ዳታቤዝ፣ ልዩ መክፈቻ የሚያስፈልገው መዝገብ የለም። ማንም ሰው ፎልደሩን ከፍቶ ማሽኑ ሲነሳ ምን ምን አብሮ እንደሚነሳ በዓይኑ ያያል። ከፓኬጁ የመጣችው ፋይል ሌላ ቦታ፣ የአስተዳዳሪው ውሳኔ ደግሞ ኢቲሲ ውስጥ ስለሚቀመጡ፣ ኤንጂንኤክስ አፕዴት ሲደረግ ውሳኔው እንዳለ ይቆያል።

እዚያችው መስመር ላይ «ሪኳየርድ ባይ» የሚል ጠንከር ያለ አማራጭ መጻፍ ይቻል ነበር። ቢጻፍ ኖሮ ኤንጂንኤክስ መነሳት ሲያቅተው ታርጌቱም አብሮት ይወድቅ ነበር። በተመረጠው ግን ዌብ ሰርቨሩ በአንድ የኮንፊግ ስህተት ቢወድቅ እንኳ ማሽኑ መንገዱን ይቀጥላል፤ ኤስኤስኤች ይነሳል፤ አስተዳዳሪው ካለበት ሆኖ ገብቶ ይጠግናል። የፋይሏ ጸሐፊ የራሱን ፕሮግራም የማሽኑ ሁሉ እምብርት አድርጎ አላየውም። ይህ ትሕትና በሶፍትዌር ዓለም እንደሚታሰበው የተለመደ አይደለም።

ስታርትና ኢኔብል የተለያዩ መሆናቸውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ስታርት አሁኑኑ ያስነሳል፤ ስለ ነገ ምንም አይልም። ኢኔብል ለነገ ይመዘግባል፤ አሁን አያስነሳም። ዴቢያን ፓኬጁን ሲጭን ሁለቱንም ራሱ ያደርጋል። ፌዶራና የሬድ ሃት ቤተሰብ ግን ኤንጂንኤክስን ለባለቤቱ ፈቃድ ይተዉታል። በእነዚህኞቹ ላይ ስታርት ብቻ ብሎ የሄደ ሰው ወራት ሙሉ ችግሩን ላያየው ይችላል፤ የሚያየው ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፍቶ ሲነሳ ነው።

ወደ ላይ ስንወጣ «አፍተር፣ ኔትወርክ ታርጌት» የምትለዋን እናገኛለን። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ኔትወርኩ ተገናኝቶ ካለቀ በኋላ ማለት ይመስለዋል። መስመሯ የምትለው ግን ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ከተነሳ በኋላ ነው፤ ማሽኑ አይፒ አድራሻ ማግኘቱን አታረጋግጥም። ታዲያ ምን ልትጠቅም ተጻፈች? መልሱ መዝጊያው ላይ ነው። ሲስተምዲ ማሽኑን ሲዘጋ የመነሻውን ቅደም ተከተል ገልብጦ ይጠቀምበታል፤ ከኔትወርክ በኋላ የተነሳ ከኔትወርክ በፊት ይቆማል። ኤንጂንኤክስ ለመጨረሻዎቹ ጎብኚዎች መልስ እየላከ ሳለ ኔትወርኩ ከእጁ አይነጠቅም ማለት ነው። የመነሻ መስመር መስላ ዋና ሥራዋን መዝጊያው ላይ ትሠራለች።

የማስነሻው ክፍል ሦስት ነገሮችን አያይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ «ኤግዜክ ስታርት ፕሪ» የኮንፊግ ፋይሎቹን ያስፈትሻል፤ ስህተት ካለ እዚያው ይቆማል፤ ከሌለ ድምፅ አያሰማም። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ይነሳል። ዓይነቱ «ፎርኪንግ» ተብሎ ተገልጿል፦ የመጀመሪያው ፕሮሰስ ኮንፊጉን ያነባል፣ ፖርቶቹን ይይዛል፣ ልጁን ከኋላ ትቶ ይወጣል። ሲስተምዲም የእሱን መውጣት «ተነስቻለሁ» እንደማለት ይቆጥረዋል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። አባትየው የሚወጣው ፖርት 80 ከተያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ ሲስተምዲ «አክቲቭ» ብሎ ሲጽፍ በሩ በእርግጥ ተከፍቷል። ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች በተለምዶ መያዝ የሚችለው ሩት ስለሆነ፣ ማስተር የሚባለው ፕሮሰስ በሩት ሥልጣን ይነሳና የጎብኚውን ጥያቄ የሚያስተናግዱትን ወርከሮች ሥልጣን በሌለው ተጠቃሚ ስም ያሰማራል።

የማስተሩ የፕሮሰስ ቁጥር የሚጻፈው «ረን» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ይህ ፎልደር ያለው ዲስክ ላይ ሳይሆን ሜሞሪ ውስጥ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። በቀድሞው አሠራር ዲስክ ላይ የቀረ የትናንት ቁጥር ዛሬ የሌላ ፕሮሰስ ቁጥር ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር አሮጌውን የሚያጸዳ ስክሪፕት ማኖር ግድ ነበር። አሁን የሚጸዳ ነገር የለም።

እንከን የላትም አልልም። ኤንጂንኤክስ የፕሮሰስ ቁጥሩን የሚጽፈው አባትየው መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ሲስተምዲ ፋይሉን ፈልጎ ሊያጣው ወይም ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። መዝገቡ ላይ የፒአይዲ (የፕሮሰስ ቁጥር) ፋይሉን ማንበብ አልተቻለም የሚል ማስጠንቀቂያ አይተው የደነገጡ አስተዳዳሪዎች ጥቂት አይደሉም። ሲስተምዲ ጥቂት ጠብቆ ስለሚያነበው ጉዳት የለውም፤ ሆኖም ስፌቱ የሚታይበት ቦታ ነው።

አሁን በጣም ወደምወዳት ዝርዝር ልምጣ። ኤንጂንኤክስን የሚያስነሳው ትእዛዝ ለብቻው አይደለም የተጻፈው፤ «ዲመን ኦን፣ ማስተር ፕሮሰስ ኦን» የሚሉ ሁለት ቅንብሮች ተለጥፈውበታል። ሁለቱም የኤንጂንኤክስ መደበኛ ቅንብሮች ናቸው፤ ባይጻፉም ያው ነበር። ለምን ተጻፉ? ፋይሏ ፎርኪንግ ብላ ስታውጅ፣ ኤንጂንኤክስ ወደ ኋላ ሄዶ እንደሚሠራ ተማምና ነው። አንድ ሰው ከኮንቴይነር ምሳሌ ገልብጦ ኮንፊጉ ውስጥ «ዲመን ኦፍ» ብሎ ቢጽፍ ያ መተማመን ይፈርሳል፤ አባትየው አይወጣም፣ ሲስተምዲ ይጠብቃል፣ በመደበኛው 90 ሰከንድ ሲሞላ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። አስተዳዳሪውም ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ይቀራል። ቅንብሩ ትእዛዙ ላይ አስቀድሞ ስለተጻፈ ግን ኤንጂንኤክስ አንዱ ቅንብር ሁለት ጊዜ መጻፉን ያያል፤ የትኛው ፋይል፣ የትኛው መስመር እንደሆነ ጠቅሶ ወዲያው እምቢ ይላል። ከ90 ሰከንድ ዝምታ ይልቅ ቦታው የተጠቆመ ስህተት። ይህን የጻፈ ሰው በሌሊት ሰርቨር ሲጠግን የሚያድረውን ባልደረባውን አስቧል።

ወደ ማቆሚያው ስንደርስ ፋይሏ ከራስጌዋ ጀምሮ ትናገራለች። የላይኛው ማብራሪያ በሙሉ ስለ ማቆም ነው፤ ስለ ማስነሳት አንድ ቃል የለበትም። ጸሐፊው ሥርዓቱን ጭፈራ ብሎ ሰይሞታል፤ እርምጃዎቹን አንድ በአንድ ያስረዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ላይ አንድን ፕሮሰስ ለማቆም ሲግናል ይላክበታል። በተለምዶ ጨዋው ሲግናል «ተርም» ነው፤ ሲስተምዲም ሌላ ካልተባለ የሚልከው እሱን ነው። ኢጎር ሲሶዬቭ በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው ኤንጂንኤክስ ግን የራሱ ቋንቋ አለው። ለእሱ ተርም ማለት ቶሎ ዝጋ ማለት ነው፤ በመውረድ ላይ ያለ ገጽ መሐል ላይ ይቆረጣል። በጨዋነት እንዲዘጋ የሚነግረው ሲግናል «ኩዊት» ነው። ኩዊት ሲደርሰው የባንክ ቅርንጫፍ በመዝጊያ ሰዓት የሚያደርገውን ያደርጋል፦ አዲስ ሰው አያስገባም፣ ውስጥ ያሉትን ግን አስተናግዶ ይሸኛል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው የማቆሚያ መስመር ሳይጽፍ ቢተወው ሁሉም ነገር የሚሠራ ይመስላል፤ ሰርቨሩ በቆመ ቁጥር ጥቂት ጎብኚዎች ግማሽ ገጽ ይዘው ይቀራሉ እንጂ።

ፋይሏ መጀመሪያ ኩዊትን ትልካለች፤ 5 ሰከንድ ትጠብቃለች። ኤንጂንኤክስ ካልጨረሰ ሲስተምዲ ጉዳዩን ተረክቦ ተርምን ይልካል፤ ሌላ 5 ሰከንድ ይሰጣል። አሁንም ካልቆመ ማንም ፕሮሰስ እምቢ ሊለው የማይችለው «ኪል» ይከተላል። «ኪል ሞድ፣ ሚክስድ» የምትለዋ መስመር ማን ምን እንደሚደርሰው ትወስናለች፦ ተርሙ የሚላከው ለማስተሩ ብቻ ነው፤ ወርከሮቹ የሚታዘዙት በእሱ በኩል ነውና። ኪሉ ግን ለቀረው ሁሉ ነው። ሲስተምዲ የአንድን አገልግሎት ፕሮሰሶች በሙሉ በከርነሉ ሲግሩፕ አማካይነት አንድ ላይ ስለሚይዛቸው፣ ተነጥሎ ተደብቆ የሚቀር ወርከር አይኖርም።

እዚህ ላይ በዓይን ለማየት እንኳ የምታስቸግር አንዲት ምልክት አለች። ከማቆሚያው ትእዛዝ ፊት ሰረዝ ተቀምጣለች። ኩዊቱን የሚልከው ትንሽ ፕሮግራም 5 ሰከንድ ሞልቶ ኤንጂንኤክስ ካልቆመ «አልተሳካልኝም» ብሎ ይመለሳል። ሰረዟ ባትኖር ሲስተምዲ ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ አገልግሎቱ በስህተት ቆመ ብሎ ይመዘግብ ነበር። ሰረዟ ይህ አለመሳካት ቀድሞ የታሰበበት ነው፣ ወደሚቀጥለው እርምጃ እለፍ ትላለች። በአንድ ፊደል ቦታ ይህን ያህል አሳብ የተቀመጠበት ጽሑፍ ብዙ አላየሁም።

5 ሰከንድ ይበቃል ወይ? ትልቅ ፋይል ለሚያወርድ ሰው አይበቃም፤ ይቆረጥበታል። ሆኖም ማሽኑ በዩፒኤስ ባትሪ ላይ ሆኖ ለመዘጋት ሲጣደፍ አንድን ጎብኚ ለመጠበቅ ሁሉንም ማዘግየት አይገባም። ጸሐፊው ለብዙው ጎብኚ የሚበቃውን መርጧል፤ ተጨማሪ የሚፈልግ በራሱ ማሽን ላይ ማስረዘም ይችላል።

የምቃወማት አንዲት ነገር ብትኖር ያልተጻፈችው መስመር ናት። ፋይሏ ኤንጂንኤክስ ቢወድቅ እንደገና ይነሳ አትልም። ወርከር ሲሞት ማስተሩ ራሱ ሌላ ስለሚተካ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቢሮ ጥግ የተቀመጠን ሰርቨር ስናስብ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩም፣ ስዊቹም፣ ራውተሩም እኩል ይበራሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ ማንም ዋስትና አይሰጥም። ኮንፊጉ ጥያቄዎችን በስም ወደተጠራ ሌላ ሰርቨር የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ኤንጂንኤክስ ሲነሳ ያን ስም ወደ አይፒ አድራሻ መቀየር ይፈልጋል፤ ራውተሩ ገና ካልተነሳና ስሙ ካልተገኘ አልነሳም ብሎ ይቀመጣል። ገና ያልተሰጠ አይፒ አድራሻ ላይ እንዲያዳምጥ ከታዘዘም እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ ራውተሩ ቢነሳም የሚመለስለት የለም። ኮንፊጉ ትናንት ሲሠራ የዋለው ነው፣ ማሽኑ በርቷል፣ ዌብሳይቱ ግን የለም።

መፍትሔው የፓኬጁን ፋይል ሳይነኩ ይጨመራል። «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ኤንጂንኤክስ» ሲባል የማስተካከያ ገጽ ይከፈታል፤ ሰርቪስ በሚለው ክፍል ስር ሪስታርቱ «ኦን ፌይለር»፣ የመጠበቂያው ጊዜ 10 ሰከንድ ተብሎ ይጻፋል። የ10 ሰከንዱ ነገር እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሲስተምዲ በመደበኛው በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ተነስቶ የወደቀን አገልግሎት ከዚያ በኋላ አይሞክረውም፤ በሙከራዎቹ መካከል የሚያርፈውም የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። መጠበቂያውን ሳያስረዝሙ ሪስታርት ብቻ ብለው ቢጽፉ 5ቱ ዕድሎች ራውተሩ ዓይኑን ሳይገልጥ ያልቃሉ። 10 ሰከንድ ሲሆን ግን ገደቡ አይደረስበትም፤ ኔትወርኩ እስኪመጣ ድረስ ሙከራው ይቀጥላል።

ከሶፍትዌሩ በታች ያለውንም አንርሳ። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲበራ ባዮሱ ውስጥ ካልተፈቀደለት፣ የትኛውም ዩኒት ፋይል አይደርስለትም።

ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሁሉ «ሲስተምሲቲኤል ካት ኤንጂንኤክስ» ብላችሁ በእጃችሁ ያለችውን ፋይል አንብቡ፤ የጨመራችሁት ካለ ከሥሯ ተያይዞ ይታያችኋል። ከዚያም ሰው ባለበት፣ በሥራ ሰዓት፣ ለሚመለከታቸው አሳውቃችሁ ማሽኑን ሪቡት አድርጉት፤ ምንም ሳትነኩ ቆዩና ዌብሳይቱ መመለሱን ከሌላ ኮምፒዩተር አረጋግጡ።